ኬሚስትሪን ጎጃም ጀምሮ አንዱን ዓመት በውጭ አገር እንዴት መማር ይቻላል?

ደብረ ማርቆስ ላይ ውኃ በ100 ዲግሪ ሴልሺየስ አይፈላም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፤ ውኃውም 92 ዲግሪ አካባቢ መንተክተክ ይጀምራል። ይህን በቴርሞሜትር ለክቶ ምክንያቱን በደብተሩ ያሰፈረ ተማሪ ለውጭው ዓመት መዘጋጀት ጀምሯል እላለሁ።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቤተ ሙከራውን አጥብቃችሁ ያዙ። ቲትሬሽን (መጠኑ የታወቀ መፍትሔ ጠብ በማድረግ የሌላውን መጠን መለካት) ስትሠሩ ንባቦቹ በ0.1 ሚሊ ሊትር ልዩነት ውስጥ እስኪቀራረቡ ድረስ ደጋግሙት። ውጤቱን በቀጥታ በደብተር ላይ በእስክሪብቶ ጻፉ፤ ስህተቱን በአንድ መስመር ሰርዙት እንጂ አትፋቁት።

ቀጥሎ ወደ ዩኒቨርሲቲያችሁ የውጭ ግንኙነት ቢሮ ሂዱ። ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ብትማሩ ጥያቄው አንድ ነው፦ የልውውጥ ስምምነት ከማን ጋር አለ? ኬሚስትሪንና የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎችን ያካትታል? ብዙ ዕድሎች ለማስተርስና ለዶክትሬት የተተዉ ስለሆኑ ይህን ሳያጣሩ ወራት ማባከን ያሳዝናል። በአውሮፓ ኅብረት የትምህርት ፕሮግራም፣ በኢራስመስ ፕላስ፣ የሚደረገው የተማሪዎች ልውውጥ ከ2 እስከ 12 ወር ሊቆይ ይችላል፤ ተማሪውም ለተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም።

ከሁሉም የሚከብደው ኮርሶችን ማመሳሰል ነው። በርዕስ ብቻ አትታለሉ። «ፊዚካል ኬሚስትሪ» የሚለው ኮርስ አንዱ ጋ ቴርሞዳይናሚክስ፣ ሌላው ጋ ኳንተም ሊሆን ይችላል፤ አንዱ የቤተ ሙከራ ሰዓት ይኖረዋል፣ ሌላው አይኖረውም። የሁለቱንም ዝርዝር ይዘት ጎን ለጎን አስቀምጡና ከአማካሪ መምህራችሁ ጋር ምዕራፍ በምዕራፍ ተመልከቱ። በአውሮፓ የሙሉ ዓመት ትምህርት 60 ክሬዲት ነው፤ ይህ በእናንተ ዩኒቨርሲቲ ስንት እንደሚቆጠር ጠይቁ። እዚህ የሚያመልጣችሁ ኮርስ እንደገና መቼ እንደሚሰጥም እንዲሁ፤ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ምረቃችሁን ሊያዘገይ ይችላልና። የተስማማችሁበትን ሁሉ በጽሑፍ አድርጉት። እናንተ፣ የትምህርት ክፍላችሁና ተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ሳትፈርሙበት አውሮፕላን አትሳፈሩ። የቃል ተስፋ ሬጅስትራር ፊት ዋጋ የለውም።

ወረቀቱ ጊዜ ይፈጃል። ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀትና ትራንስክሪፕት ላይ ስማችሁ በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት መጻፉን አረጋግጡ፤ የአያት ስም በውጭ አገር እንደ ቤተሰብ መጠሪያ ስለሚያዝ የአንድ ፊደል ልዩነት እንኳ ያጉላላል። የእንግሊዝኛ ችሎታ መፈተኛው የአይኤልቲኤስ ውጤት የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ስለሆነ ፈተናውን በጣም ቀድማችሁ አትውሰዱ።

ከዚያ ከአገራችሁ አንድ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ። በአዊና በምሥራቅ ጎጃም ደጋዎች አፈሩ አሲዳማ ሆኖ አርሶ አደሩን አስቸግሯል። አሲዱ ሲበረታ አሉሚኒየም ይሟሟና የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ኖራ የሚበተነውም አሲዱን ለማርገብ ነው። የሟሟውን አሉሚኒየም በትክክል መለካት ግን ጥሩ መሣሪያና የሠለጠነ እጅ ይጠይቃል። ብዙ አገሮች ያለ ፈቃድ አፈር ስለማያስገቡ ናሙና በሻንጣ አትያዙ። የመለኪያውን ዘዴ፣ የመሣሪያውን አያያዝና የስሌቱን መንገድ ደረጃ በደረጃ በደብተራችሁ ጽፋችሁ ተመለሱ። ትራንስክሪፕታችሁንም በመጣችሁ በመጀመሪያው ሳምንት ከተፈረመው ስምምነት ጋር ለሬጅስትራር አስረክቡ።