ለዓመታት የቆመች ሞተር ሳይክልን እንዴት መልሶ ማስነሳት ይቻላል

አሮጌ ሞተር ሳይክል እጁ የገባች ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዝገቷን ነው። ቀጥሎ መፍቻ ያነሳል። በአንድ ቅዳሜና እሁድ ከመሪ እስከ ጎማ ይበታትናትና ዕቃው በካርቶን በካርቶን ይሞላል። ወር ሲያልፍ የትኛው ብሎን የየት እንደነበረ ይጠፋዋል። ሌላ ወር ሲያልፍ ካርቶኖቹን ማየትም ያስጠላዋል። ብዙ አሮጌ ሞተር ሳይክሎች የሚያልቅላቸው በዝገት ሳይሆን በዚህ መንገድ ነው።

ለጀማሪ የሚበጀው ሌላ ነው። አንዱን ክፍል ፍቱ፣ አጽዱ፣ መልሳችሁ ግጠሙ። እሱ ሳያልቅ ሌላውን አትንኩ። መጀመሪያ ትነሳ፣ ፍሬኗም ይያዝ። ቀለሙ የትም አይሄድም።

ከመግዛታችሁ በፊት

ገና እየፈለጋችሁ ከሆነ ባለ አንድ ሲሊንደር፣ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ በእግር የሚነሳ ሞተር ያላትን ምረጡ። ሆንዳ ሲጂ125 ጥሩ ምሳሌ ናት። በ1976 እ.ኤ.አ. ስትወጣ ጀምሮ ሞተሯ ጥገና እንዳይበዛበት ሆን ተብሎ ቀለል ተደርጎ የተሠራ ነው። አራት ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ክፍል) የተደረደረበት ትልቅ ሞተር ምንም ቢያምር ለመጀመሪያ ሥራ አይሆንም።

የሻንሲ ቁጥሩን አንብቡ። አብዛኛውን ጊዜ መሪው የሚዞርበት አንገት ላይ ተመትቶ ይገኛል። የሞተር ቁጥሩ ደግሞ ሞተሩ አካል ላይ አለ። ሁለቱንም ከሊብሬው ጋር አመሳክሩ። ቁጥሩ የተፋቀ ከሆነ በነፃም ቢሰጧችሁ ተዉት።

የጎደለ ዕቃም ቁጠሩ። የተሰበረ ዕቃ ቢያንስ ምን እንደምትፈልጉ ያሳያችኋል። የሌለው ግን ምን እንደሚመስል እንኳን አታውቁም። የጎን ሽፋን፣ የታንክ ክዳን፣ ትንንሽ መያዣዎች አንድ ላይ ሲደመሩ ሞተር ሳይክሏ ከተገዛችበት ሊበልጡ ይችላሉ።

መሣሪያ

ጥሩ የመፍቻ ስብስብ፣ ፒንሳ፣ መልቲሜትር፣ ዝገት አስለቃቂ ዘይትና ብርጭቆ ወረቀት ይበቃል። የሞዴሏን የጥገና መመሪያ ፈልጋችሁ ያዙ፤ የብሎን ጥብቀቱም የካንዴላ ክፍተቱም እዚያ ነው ያለው። የምትፈቱትን ሁሉ ከመንካታችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ብሎኖቹን በየክፍላቸው ለየብቻ በትንንሽ ፌስታል አስቀምጡና ጻፉባቸው።

ካቻቢቴ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ። የጃፓን ሞተር ሳይክሎች ባለ መስቀል ብሎኖች ከተለመደው የመስቀል ካቻቢቴ ጋር የሚገጥሙ ይመስላሉ። አይገጥሙም። የተሠሩት ጂስ በሚባለው የጃፓን ደረጃ ነው። ብዙ ጊዜ ከመስቀሉ አጠገብ አንዲት ትንሽ ነጥብ ታያላችሁ። በተራው ካቻቢቴ ስትታገሏቸው ጫፉ ወደ ላይ እየሸሸ መስቀሉን ይበላዋል፣ ብሎኑም ተላጭቶ ይቀራል። የካርቡራተር ብሎኖች ደግሞ ለስላሳ ስለሆኑ ቶሎ ነው የሚበሉት። የጂስ ካቻቢቴ ፈልጋችሁ ግዙ፤ በዚህ አትቆጥቡ። እምቢ ያለ ብሎን ካለ ዝገት አስለቃቂ ረጭታችሁ አሳድሩት። በማግስቱ ካቻቢቴውን አስገብታችሁ ጀርባውን በመዶሻ መታ መታ አድርጉ፣ ከዚያ ጫን ብላችሁ አዙሩ። አንዳንዴ ለማላላት መጀመሪያ ቅንጣት ያህል ማጥበቅ ይረዳል።

ሞተሩ ይዞራል?

እግራችሁ የማስነሻው ፔዳል ላይ ለመውጣት ይቸኩላል። ተዉት። ሲሊንደሩ ደርቋል፣ የፒስቶኑ ቀለበቶችም ተጣብቀው ሊሆን ይችላል። በዙሪያው ያለውን አቧራ ነፍታችሁ ካንዴላውን ፍቱ። በቀዳዳው አንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሩና ይደር። በማግስቱ ትልቁን ማርሽ አስገቡና የኋላውን ጎማ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። በትልቁ ማርሽ ጎማው ሞተሩን በቀላሉ ያዞረዋል።

ንቅንቅ ካላለ ሞተሩ ነክሷል ማለት ነው። አታስገድዱት፤ ቀለበት ትሰብራላችሁ። ዘይት እየጨመራችሁ ለቀናት ታገሡት፣ በየጊዜው ጎማውን ወደፊትም ወደኋላም በትንሹ ወዝውዙ። እንደዚያም ሆኖ ካልለቀቀ የሲሊንደሩ ራስ መነሳት አለበት። እዚህ ላይ የሚያውቅ ሰው አጠገባችሁ ቢኖር ጥሩ ነው።

ከዞረ ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጉና አውራ ጣታችሁን የካንዴላው ቀዳዳ ላይ ጫን አድርጋችሁ ፔዳሉን ርገጡ። አየሩ ጣታችሁን ገፍቶ ማስነሳት አለበት። መለኪያ ካላችሁ የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ከፍታችሁ ለኩ። ግፊቱ ደካማ ከሆነ ጥቂት ዘይት ጨምራችሁ ድገሙት። ከፍ ካለ ችግሩ ቀለበቱ ወይም ሲሊንደሩ ነው። ካልተለወጠ ቫልቮቹን ወይም የሲሊንደሩን ራስ ጓርኒሲዮን (በመሐል ገብቶ የሚያሽገውን ንጣፍ) ጠርጥሩ። ለዓመታት የቆመ ሞተር መጀመሪያ ላይ ደካማ ሆኖ ጥቂት ከሠራ በኋላ ሊሻሻል ስለሚችል ወዲያው ተስፋ አትቁረጡ።

ባለ አራት ምት ከሆነች የድሮውን ዘይት ከማስነሳታችሁ በፊት ቀይሩ። ወተት መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል። አዲሱ ዘይት ለሞተር ሳይክል የተሠራ ይሁን፤ ጣሳው ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል ምልክት ፈልጉ። በአብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ፍሪሲዮኑ የሚሠራው እዚያው ዘይት ውስጥ ስለሆነ አንዳንድ የመኪና ዘይት ያንሸራትተዋል።

ታንክና ቤንዚን

ክዳኑን ክፈቱና አሽትቱ። የቆየ ቤንዚን እንደ ቀለም ማቅጠኛ የሚመር ሽታ አለው። ሁሉንም ቅዱ፣ ታንኩን አንሱና በእጅ ባትሪ ውስጡን ተመልከቱ። ቀላል ዝገት በኮምጣጤ ይለቃል። የቤንዚን መክፈቻውን አውጥታችሁ ቀዳዳውን ድፈኑ፣ ታንኩን በኮምጣጤ ሙሉትና አንድ ቀን ይዋል ይደር። ከዚያ ደፍታችሁ በውሃ እጠቡት፣ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ አለቅልቁት፣ ወዲያው በሞቀ አየር አድርቁት። ቶሎ ካልደረቀ ዓይናችሁ እያየ እንደገና ይዝጋል። የደረቀውን በጥቂት ዘይት አልብሱት።

ታንኩ ቢያፈስ ራሳችሁ ለመበየድ አትሞክሩ። ባዶ ታንክ ከሙሉው ይብሳል፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነው።

ካርቡራተር

ቆማ የከረመች ሞተር ሳይክል አልነሳም ስትል አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ እዚህ ነው። ቤንዚኑ ተኖ ሲያልቅ ቫርኒሽ የመሰለ ዝቃጭ ይተዋል። ይህ ዝቃጭ ጄት የሚባሉትን ትንንሽ የነሐስ ቀዳዳዎች ይደፍናል። በተለይ ለሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ፣ የሚያገለግለው ትንሹ ጄት ቀዳዳው ከፀጉር ብዙም አይወፍርም።

ካርቡራተሩን አውርዳችሁ ነጭ ጨርቅ ላይ አድርጉ። ከታች ያለውን ሳህን ስትከፍቱ ተንሳፋፊውን፣ የምትዘጋውን መርፌና ጄቶቹን ታገኛላችሁ። የሚኒሞውን የድብልቅ ብሎን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ሥራ አለ። ቀስ ብላችሁ እስኪያርፍ አጥብቁትና ስንት ዙር እንደሄደ ጻፉ። ስትመልሱት ልክ ያንን ያህል ታላሉታላችሁ። ይህን የዘለለ ሰው ሲገምት ይውላል።

ላስቲክ የሆነውን ሁሉ አውጡ፤ ማጽጃው ያሳብጠዋል። የተቀረውን በካርቡራተር ማጽጃ እጠቡ፣ መነጽር አድርጋችሁ እያንዳንዱን ቀዳዳ በአየር ንፉ። ጄቱን በሽቦ አትውጉት። ነሐስ ለስላሳ ስለሆነ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ቤንዚኑም ከልኩ በላይ ይፈሳል። የናይለን ብሩሽ ፀጉር ይበቃዋል። ጄቱን ወደ ብርሃን አንሱና ተመልከቱ፤ ክብ ሆኖ ጥርት ያለ ብርሃን ካላያችሁ ገና አልጸዳም።

ስትመልሱ ካርቡራተሩን ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘውን ላስቲክ አጠፍ አድርጋችሁ ስንጥቅ ፈልጉ። ከተሰነጠቀ ቀይሩት፣ ምክንያቱም በዚያ የሚገባው አየር ማስተካከያ ሁሉ እንዳይያዝ ያደርጋል። የአየር ፊልትሮውን ሳጥንም ክፈቱ። አይጥ ቤት ሠርታበት ብታገኙ እንዳይገርማችሁ።

እሳት

አዲስ ካንዴላ ርካሽ ነው፤ ግዙ። ክፍተቱን በመመሪያው መሠረት አስተካክሉ፤ በብዙዎቹ ከ0.6 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው። ካንዴላውን በሽቦው ጫፍ ያለው ኮፍያ ላይ ሰክታችሁ ብረቱን ከሞተሩ አካል ጋር አስነኩትና ፔዳሉን ርገጡ። ቤንዚን አጠገብ እንዳይኖር፤ ካንዴላውንም ከቀዳዳው አርቁት። ጠንካራ ሰማያዊ ብልጭታ ካያችሁ አልፏል። ከሌለ መጀመሪያ ቀላል ቀላሉን ፈልጉ፦ ማጥፊያው፣ ኮፍያው፣ የዛገ የሽቦ ጫፍ፣ ከሻንሲው ጋር የሚታሰረው የመሬት ሽቦ። ፕላቲን (እየተከፈተና እየተዘጋ እሳቱን የሚያስነሳ መገናኛ) ያላቸው የድሮ ሞተሮች ላይ ጫፉን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ማጽዳት ብዙ ጊዜ እሳቱን ይመልሰዋል።

የመጀመሪያው ማስነሳት

ደጅ አውጧት። የጭስ ማውጫው ጋዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይገድላል፤ ሽታ የሌለውም አለበት። ማርሚታው ውስጥ ጎጆ የሠራ ነገር እንዳለ ተመልከቱ። ዋናውን ታንክ ገና ካልጨረሳችሁ ከፍ ብሎ ከታሰረ ትንሽ ዕቃ በቱቦ ንጹህ ቤንዚን ስጧት። ባለ ሁለት ምት ከሆነችና ዘይቷ ከቤንዚኑ ጋር የሚደባለቅ ከሆነ ድብልቁን አትርሱ። ቾኩን (ለቀዝቃዛ ሞተር ቤንዚኑን የሚያበዛውን) ሳቡ፣ ርገጡ።

መጀመሪያ ብዙ ጭስ ታወጣለች። ሲሊንደር ውስጥ ያፈሰሳችሁት ዘይት ነው የሚቃጠለው። ለጥቂት ደቂቃዎች ያለ ጩኸት ትሥራ፤ ነዳጅ እየሰጣችሁ አታስጩኋት። ፍሪሲዮኑን ይዛችሁ ማርሽ ስታስገቡ ወደፊት ከዘለለች የፍሪሲዮኑ ሸራዎች ተጣብቀዋል። አጥፏት፣ ማርሽ ውስጥ ትሁን፣ ፍሪሲዮኑን ይዛችሁ ወደፊትና ወደኋላ ወዝውዟት። ሞተሩ ሞቆ ከሆነ ቶሎ ይላቀቃል።

ፍሬን

ስትነሳ ደስ ይላልና ዞር ብሎ መምጣት ያምራል። ፍሬኑን ሳትጨርሱ ግን ከግቢ አትውጡ።

ዲስክ ፍሬን ከሆነ ዘይቱ አርጅቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ቡና መስሎ ከጠቆረ ቆይቷል። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነት ብቻ ጨምሩ። ዶት 4 እና ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 አይቀላቀሉም። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ቀለሙን ስለሚልጥ ወዲያው በውሃ እጠቡት። የተጣበቀውን የፍሬን ፒስቶን ለማውጣት ቱቦውን ከመፍታታችሁ በፊት የፍሬኑን እጀታ እየጨበጣችሁ በራሱ ዘይት ግፊት ግፉት። በአየር ለማውጣት የሚሞክር ሰው ጣቱን ያስበላል። ላስቲክ ማኅተሞቹንና ያረጀውን ቱቦ ቀይሩ።

ታምቡር ፍሬን ይቀላል። ግን አቧራውን በአፍም በአየርም አትንፉ። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ጎማ፣ ካቴናና የቀረው

ጎማ ጥርሱ ስላለ ደህና ነው ማለት አይደለም። ጎኑ ላይ በሞላላ ክብ የተከበቡ አራት አሃዞች ፈልጉ። 2314 ካለ በ2014 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ካገኛችሁ ከ2000 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው፤ ለመንዳት አይሆንም። ካላማዳሪውንም አብራችሁ ቀይሩ።

ካቴናው ሲታጠፍ ቀጥ ብሎ የሚቀር መጋጠሚያ ካለው ዕድሜው አልቋል። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሱና መሪውን ቀስ ብላችሁ አዙሩ፤ መሐል ላይ ቀጭ ብሎ የሚይዝ ከሆነ የመሪው ኩሽኔታ ተበልቷል። ጎማውን ግራና ቀኝ ስትወዘውዙት ልቅ ካለም የጎማው ኩሽኔታ ነው።

ባትሪው ሞቶ ሊሆን ይችላል። 12 ቮልት ከሆነ ሞልቶ ሲያርፍ 12.6 አካባቢ ማሳየት አለበት፤ ሞተሩ ሞቅ ብሎ ሲሠራ ደግሞ ወደ 14 ይጠጋል። ከፍ ካላለ ባትሪው እየተሞላ አይደለም። ብዙ የድሮ ሞተር ሳይክሎች 6 ቮልት ስለሆኑ አምፖል ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ።

ዝገት የያዘውን ኒኬል በውሃ በነከራችሁት አሉሚኒየም ፎይል ፈትጉት፤ ሳይጫር ብዙው ይለቃል። ቀለም መቀባት የምትፈልጉ አሁን ቀቡ። እኔ ግን የዋናውን ቀለም ጭረት እንኳ ቢበዛበት እተወዋለሁ።

ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ

አጭር ጉዞ ሄዳችሁ ስትመለሱ ሞተሩ ሳይበርድ ዘይቱን እንደገና ቀይሩ፤ የቆየውን ዝቃጭ አጥቦ ነው የሚወጣው። ሲበርድ የጎማ ዳዶዎችን፣ የሞተር መያዣዎችንና የፍሬን ብሎኖችን አንድ በአንድ ነካክታችሁ አረጋግጡ። ካንዴላውንም ፍቱና ጫፉን እዩ። ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ልክ ነው። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚን በዝቷል፤ ተንሳፋፊውን፣ ቾኩንና ፊልትሮውን ፈትሹ። ነጭ ከሆነ ግን አየር በዝቷልና ሞተሩ ከልክ በላይ እየሞቀ ነው። የካርቡራተሩን ላስቲክና ትንሹን ጄት ሳታዩ ደግማችሁ አትንዷት።