ኤችኦኤ እና ያልተጠረገ በረዶ፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ወይም ዉድብሪጅ ውስጥ ታውንሃውስ ወይም ኮንዶ የገዛ ሰው፣ በየወሩ ለኤችኦኤ (ለቤት ባለቤቶች ማህበር) የሚከፍለው ገንዘብ የስኖው ማስጠረጊያንም እንደሚጨምር ያውቃል። ጃንዋሪ ሲመጣ ግን መኪና የሚያልፍበት ይጠረግና ሰው የሚያልፍበት ይቀራል። ቀን ፀሐይ ያቀለጠው ማታ ተመልሶ ይረጋል። ጠዋት ልጁን ወደ ስኩል ባስ የሚያደርስ አባት አጥር አጥሩን ይዞ ይወርዳል። ማኔጅመንት ካምፓኒው ጋ ሲደወል «ሪፖርቱ ደርሶናል» ይባላል፤ ከዚያ ዝም።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችን እንጮኻለን፣ ብዙዎቻችን በይሉኝታ ዝም እንላለን። ሁለቱም መንገዱን አያስጠርጉም። ኤችኦኤ በወረቀት የተቋቋመ፣ በወረቀት የሚገደድ ድርጅት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

ቦታው የማን እንደሆነ ሳያጣሩ ማማረር

በአንድ ግቢ ውስጥ ያለ የእግር መንገድ የሦስት ባለቤቶች ሊሆን ይችላል። የማህበሩ የጋራ ቦታ አለ፤ ከእርስዎ በር እስከ የጋራው መንገድ ያለው ደረጃና መግቢያ አለ፤ ከዋናው አስፋልት ጎን ለጎን የሚሄደው የሕዝብ መንገድ አለ። ብዙ የታውንሃውስ ማህበራት በዲክላሬሽናቸው (በመመሥረቻ ሰነዳቸው) ላይ «በቤቱ ፊት ያለውን መንገድ ባለቤቱ ይጠርጋል» ብለው ይጽፋሉ። ይህን ሳያነቡ የተናደደ ኢሜይል ቢልኩ፣ የሚመለስልዎ መልስ በስምዎ የተጻፈ የደንብ መጣስ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል።

ዲክላሬሽኑና ፕላት የሚባለው የቦታ ካርታ ቤቱን ሲገዙ ከተሰጠዎት የወረቀት ክምር ውስጥ ናቸው። ማንም አያነበውም፤ በጃንዋሪ ግን ይነበባል።

የሕዝብ መንገድ ከሆነ ደግሞ ሕጉ ከአውራጃ አውራጃ ይለያያል። በሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ስኖው ካቆመ በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ መጠረግ አለበት፤ ይህ ማህበራትንም ይመለከታል። ዲሲ የምትሰጠው ስኖው ካቆመ በኋላ ያሉትን የመጀመሪያ 8 የቀን ብርሃን ሰዓታት ነው። በቨርጂኒያዋ አርሊንግተን የወረደው ከ6 ኢንች በታች ከሆነ 24 ሰዓት፣ 6 ኢንችና ከዚያ በላይ ከሆነ 36 ሰዓት ነው። በሞንትጎመሪና በዲሲ ጊዜው ካለፈ ወደ 311፣ ማለትም ወደ መንግሥት አገልግሎት መስመር፣ ደውሎ ማመልከት ይቻላል። ካውንቲው ሲጠይቅ ማህበሩን የሚመራው ቦርድ ጆሮው በአንድ ጊዜ ይከፈታል።

በስልክ ተናግሮ መተው

ማናጀሩ በአንድ ጊዜ ብዙ ማህበራትን የሚያስተዳድር ተቀጣሪ ነው። ስኖው በወረደ ማግስት ስልኩ አያርፍም። በቃል የነገሩት ነገር ከሌላው ጋር ተደባልቆ ይጠፋል። ይህ አንዱ ነው። ዋናው ግን ሌላ ነው፤ ማህበሩ ተጠያቂ የሚሆነው አደጋውን ሲያውቅ ወይም ማወቅ ሲገባው ነው። እርስዎ የላኩት ኢሜይል ማህበሩ ማወቁን የሚያሳይ ማስረጃ ይሆናል። ማናጀሩም ሆነ የማህበሩ ኢንሹራንስ ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

ኢሜይሉ አጭር ይሁን። የት ቦታ እንደሆነ (የቤት ቁጥር፣ ደረጃ፣ ፖስታ ሳጥኑ አጠገብ)፣ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ፣ ፎቶ፣ ምን እንዲደረግ እንደሚፈልጉ፣ እስከ መቼ መልስ እንደሚጠብቁ ይግለጹ። ለማናጀሩ ይላኩና የቦርድ አባላቱንም ያካትቱ፤ ወሳኙ ቦርዱ ነው፣ ማናጀሩ አስፈጻሚ ነው። ፎቶውን ከቅርብም ከሩቅም ያንሱ፤ በቅርብ ብቻ የተነሳ ግግር የማንም ሰፈር ሊሆን ይችላል። ሰዓቱንም በአሜሪካ አቆጣጠር ይጻፉ፤ «ጠዋት 1 ሰዓት» ብለው ጽፈው ፎቶው 7 ሰዓት ቢል በኋላ የሚያስረዱት ነገር ይበዛል።

ስድብና ዛቻ አይጨምሩ። ያ ኢሜይል አንድ ቀን ዳኛ ፊት ሊነበብ ይችላል።

ውሉን ሳያዩ «ስኖው አልተጠረገም» ማለት

አብዛኛው ክርክር የሚበላሸው እዚህ ነው። ማህበሩ ከስኖው ጠራጊ ኮንትራክተር ጋር የተዋዋለው ውል፣ ኮንትራክተሩ ስንት ኢንች ሲወርድ ሥራ እንደሚጀምር ይወስናል። ብዙ ጊዜ 2 ኢንች ነው። እንግዲህ ሌሊቱን ዝናብ ዘንቦ መሬት ሲነካ ቢረጋ፣ ኢንቹ ዜሮ ነው፤ መንገዱ ግን መስታወት ሆኗል። ኮንትራክተሩ አልመጣም፣ ውሉንም አላፈረሰም። እርስዎ «ሥራውን አልሠራም» ሲሉ ማናጀሩ «ሠርቷል» ይላል፤ እውነቱንም ነው።

ሌሎች የተደበቁ ነገሮችም አሉ። መኪና መንገድ መጀመሪያ፣ የእግር መንገድ በመጨረሻ የሚል ቅደም ተከተል ይኖራል። ጨው መበተን ለብቻው የሚከፈልበት፣ ማናጀሩ ደውሎ ካላዘዘ የማይሠራ ይሆናል። ቀን ቀልጦ ማታ የሚረጋውን ለማከም ተመልሶ መምጣት በውሉ ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ውሉን ለማየት ይጠይቁ። በሜሪላንድም በቨርጂኒያም ሕጉ አባላት የማህበሩን መዝገቦች እንዲመረምሩ ይፈቅዳል። ካዩት በኋላ ጥያቄዎ ይለወጣል፤ «ለምን አትጠርጉም» መሆኑ ቀርቶ «ውሉ ላይ ግግር ሲፈጠር ጨው የመበተን ግዴታ ይጨመር፣ ደረጃዎቹ ቅድሚያ ይሰጣቸው» ይሆናል። ይህን ቦርድ በድምፅ ሊወስነው ይችላል። ንዴትን ግን በድምፅ መወሰን አይችልም።

ጨውም ቢሆን ሁሉን አይችልም። ተራው የድንጋይ ጨው ሙቀቱ ከዜሮ በታች ወደ 9 ዲግሪ ሴልሺየስ (15 ፋራናይት ገደማ) ሲወርድ ይደክማል። በዚያ ብርድ ካልሲየም ክሎራይድ ይሻላል፤ ዋጋው ግን ይጨምራል። ወይም አሸዋ ይበተናል፤ አያቀልጥም፣ እግር ግን እንዳያንሸራትት ይይዛል።

አንዳንዴ ደግሞ ችግሩ ስኖውም ኮንትራክተሩም አይደለም። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ የሚፈጠር ግግር ካለ ቀና ብለው ይመልከቱ፤ ከጣሪያ የሚወርደው የአሸንዳ ቱቦ ውሃውን መንገዱ ላይ ያፈስ ይሆናል። ወይም ሲሚንቶው ሰምጦ ውሃ ያቆራል። ይህ የጥገና ጉዳይ ነው፣ ጥገናው ደግሞ የሚሠራው በበጋ ነው። ቱቦውን ትንሽ ማዞር ወይም ማስረዘም በየክረምቱ ከሚፈስ ብዙ ከረጢት ጨው ይረክሳል። ቦርዶች እንዲህ ያለ ጥያቄ ይወዳሉ፤ ወጪ ይቀንሳልና።

«ካልጠረጉ አልከፍልም» ማለት

ተፈጥሯዊ ስሜት ነው፤ አደገኛም ነው። የማህበር ክፍያ ማህበሩ ጥፋት ስላለበት አይቆምም። ቅጣት ይጨመራል፣ የጠበቃ ወጪ ይጨመራል፣ ከዚያ ቤቱ ላይ ዕዳ ይመዘገባል፤ ከገፋም ቤት እስከማሸጥ ይደርሳል። በሜሪላንድ ዕዳው ከመመዝገቡ በፊት ማስታወቂያ ይላካል፤ ያንን ለመቃወም ያለው ጊዜ 30 ቀን ነው። በዚያ ላይ በቨርጂኒያ መዝገብ የማየት መብት የተሰጠው ክፍያው ላልተጓደለ አባል ነው። በብዙ ደንቦችም ውዝፍ ያለበት ሰው ድምፅ አይሰጥም። ማለትም ባለመክፈል በእጅዎ የነበሩትን መሣሪያዎች ራስዎ ያስረክባሉ። ይክፈሉ፣ እየከፈሉ ይከራከሩ።

የፈላ ውሃ መድፋት፣ በዲጂኖ መፍለጥ

ውሃው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሌላ ግግር ነው። ሲሚንቶው ከተሰነጠቀ ደግሞ ሒሳቡ ወደ እርስዎ ይመጣል። ጨው መበተን ይበቃል።

ግግሩን እያዩ መሄድ

ይህ ብዙ ሰው የማይጠብቀው ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ከቀሩት ጥቂት ቦታዎች መካከል ናቸው፤ በእነዚህ ቦታዎች የወደቀው ሰው ራሱ ትንሽም ጥፋት ከተገኘበት ካሳ ሙሉ በሙሉ ሊያጣ ይችላል። ሚኒሶታ፣ ኮሎራዶና ዋሽንግተን ስቴት ያሉ ወገኖቻችን ሁኔታቸው የተለየ ነው፤ እዚያ ጥፋት በመቶኛ ይካፈላል። እዚህ ግን የጠበቃው የመጀመሪያ ጥያቄ «ግግሩን አይተው ነበር?» ነው። እርስዎ ደግሞ ከሁለት ቀን በፊት ፎቶ አንስተው ልከዋል። ማህበሩን የሚያስጠይቀው ኢሜይል እርስዎም ማወቅዎን ይመሰክራል።

ታዲያ አይጻፍ ማለት አይደለም። ከጻፉ በኋላ በዚያ አይሂዱ። በሌላ በር ይውጡ፣ ሣሩ ላይ ይራመዱ፣ መያዣ ያለው ጫማ ያድርጉ፤ ሌላ መውጫ ከሌለዎት ያንኑ በኢሜይሉ ላይ ይጻፉት። የማይታየው ብላክ አይስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የሜሪላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2011 በአንድ የመኪና ማቆሚያ መዝገብ ላይ፣ በረዶ ያለበት አካባቢ መሄድ ብቻውን የማይታየውን ግግር አደጋ አውቆ እንደመቀበል ሊቆጠር እንደማይችል ወስኗል።

ከወደቁ መጀመሪያ ሐኪም። ቦታውን ጨው ሳይበተንበት ፎቶ የሚያነሳ ሰው ያሰማሩ፤ ብዙ ጊዜ ከአምቡላንሱ ቀጥሎ የሚመጣው ጨው ነው። ጫማዎን አይጣሉ። የማህበሩ ኢንሹራንስ ደውሎ «ድምፅዎን እንቅዳ» ሲል ጠበቃ ሳያማክሩ እሺ አይበሉ፤ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ልማዳችን ነው፣ እዚያ ግን እንደ ምስክርነት ይያዛል። የመክሰሻው ጊዜ በሜሪላንድና በዲሲ 3 ዓመት፣ በቨርጂኒያ 2 ዓመት ነው። መንገዱ የመንግሥት ሆኖ ከተገኘ አስቀድሞ የጽሑፍ ማስታወቂያ ያስፈልጋል፤ ለዲሲ በ6 ወር፣ በሜሪላንድ ለካውንቲ ወይም ለከተማ በ1 ዓመት ውስጥ።

አራስ ለመጠየቅ ከአገር ቤት የመጡ እናቶች ጉዳይ ያሳስበኛል። ስኖው አይተው አያውቁም፣ ነጠላ ጫማ አድርገው ቆሻሻ ሊጥሉ ይወጣሉ፣ አብዛኞቹም የጤና ኢንሹራንስ የላቸውም። የዳሌ ስብራት ሒሳብ ቤተሰብ ያናጋል። የጎብኚ ኢንሹራንስ ከመምጣታቸው በፊት ይገዛ፤ ጫማውም ቢሆን ኤርፖርት ይጠብቃቸው።

ችግሩ የጤና መሆኑን አለመናገር

ቤት ውስጥ በዊልቸር ወይም በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ካለ ጥያቄው ከተራ አቤቱታ ይወጣል። የ1968ቱ የፌዴራል የመኖሪያ ቤት ሕግ ከ1988 ማሻሻያው ወዲህ አካል ጉዳተኞችን ይጨምራል፤ ማህበራትንም ይመለከታል። «የዚህ ቤት መውጫ ቅድሚያ ይጠረግ» ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ በሕጉ ተገቢ ማመቻቸት የሚባለው ነው። ቦርዱ እንደ ውለታ ሊያየው አይገባም። ሕመምን መደበቅ ልማዳችን ስለሆነ ይህ መንገድ ከሁሉ ያነሰ ይሞከራል።

ተከራይ ከሆኑ ደግሞ ማህበሩ ውስጥ ድምፅ የለዎትም። ለባለቤቱ ይጻፉ፣ እሱ ለማህበሩ ይጻፍ።

ቅደም ተከተሉን ዘሎ ፍርድ ቤት መሮጥ

መጀመሪያ የማህበሩን የራሱን የቅሬታ ሥርዓት ይጨርሱ። ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ከዚያ በኋላ የጋራ ባለቤትነት ማህበራት ኮሚሽን አለ፤ አቤቱታ ይቀበላል፣ ያስማማል፣ ካልሆነም ያያል። ኮሚሽኑ ግን ቦርዱ በሥልጣኑ ያደረገውን ምርጫ አይነካም። ስለዚህ «በደንብ አልጠረጉም» ከማለት ይልቅ «ዲክላሬሽኑ አንቀጽ ይህ ነው፣ የጋራ መንገድን መጠገን ግዴታቸው ነው» ማለት ያስፈልጋል። በቨርጂኒያ ማህበሩ የመጨረሻ መልሱን በእምቢታ ከሰጠ በ30 ቀን ውስጥ 25 ዶላር ከፍሎ ለስቴቱ የማህበራት እንባ ጠባቂ ማመልከት ይቻላል። እሱ የሚያየው ሕግ መጣሱን እንጂ የማህበሩን የውስጥ ደንብ አይደለም። በአነስተኛ ክርክሮች ችሎት (ስሞል ክሌምስ) የሚጠየቀው ገንዘብ ጣሪያ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ 5,000፣ በዲሲ 10,000 ዶላር ነው።

በጃንዋሪ ተቆጥቶ በኦክቶበር መቅረት

እድር ስብሰባ ላይ የቀረ ቅጣት ይከፍላል፤ ስለዚህ አንቀርም። የኤችኦኤ ስብሰባ ላይ ማንም አይቀጣንም፤ ስለዚህ አንሄድም። የስኖው ውል ግን የሚፈረመው በበጋ ማብቂያ ወይም በመከር ነው፤ በጀቱም ከጃንዋሪ በፊት ይጸድቃል። ስኖው ሲወርድ ነገሩ ካለቀ ወራት አልፏል። ስብሰባዎቹ ለአባላት ክፍት ናቸው፤ በቨርጂኒያ ሕጉ በእያንዳንዱ የቦርድ ስብሰባ ላይ ለአባላት የመናገሪያ ጊዜ እንዲሰጥ ያዛል። እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው የሚል ካለ ልጁን ወይም ጎረቤቱን ይዞ ይሂድ፤ የተጻፈ ወረቀት ማንበብም ይቻላል።

በሴፕቴምበር ስብሰባ ላይ ይነሱና ይጠይቁ፦ ኮንትራክተሩ ሥራ የሚጀምረው ስንት ኢንች ሲወርድ ነው? ስኖው ሳይወርድ ግግር ቢፈጠር ይመጣል ወይ? ደረጃዎቹ ስንተኛ ተራ ላይ ናቸው? አምና ቅሬታ የቀረበባቸው ቦታዎች አሸንዳ ተጠግኗል ወይ? መልሱ ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍር ይጠይቁ። መሄድ ካልቻሉ የውክልና ወረቀቱን ባዶ ሳይጥሉ ለሚሄድ ጎረቤት ይፈርሙለት።