የኤሌክትሪክ ጊታር ድምፅ እንዴት ይስተካከላል? ፔዳል ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡት

ጎንደር ውስጥ ጊታር የሚማሩ ልጆች ሲያገኙኝ ቶሎ የሚጠይቁኝ «ድምፁ እንዲወፍር የትኛውን ፔዳል ልግዛ?» ብለው ነው። ፔዳል በእግር እየተረገጠ የጊታሩን ድምፅ የሚለውጥ ሳጥን ነው። እኔም በጊዜዬ ይህንኑ ስጠይቅ ኖሬያለሁ። መልሱን ያገኘሁት ብዙ ብር ካወጣሁ በኋላ ነው። ድምፅ ከእጅ ይጀምራል። ከዚያ ክር፣ ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) እና አምፕሊፋየር (ድምፁን የሚያጎላው አምፕ) ይከተላሉ። ፔዳል መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው።

1. ክሩን ቀይሩና ቃኙ

ዝገት የነካው ክር በምንም አይድንም፤ ቀይሩት። ለጀማሪ 9 ወይም 10 የሚባለው ይበቃል። ቁጥሩ የቀጭኑን ክር ውፍረት ያሳያል፤ 0.009 ወይም 0.010 ኢንች ማለት ነው። ወፍራም ክር ድምፁ ይሞላል፣ ለጣት ግን ይከብዳል።

2. የምትመቱበትን ቦታ ፈልጉ

አንዱን ክር ብቻ ምቱ። መጀመሪያ ብሪጁ (ክሮቹ ጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበት ክፍል) አጠገብ፣ ከዚያ ሁለት ሁለት ጣት እየለቀቃችሁ ወደ አንገቱ ሂዱ። ብሪጁ ጋ ድምፁ ሹል ነው። ወደ አንገቱ ስትጠጉ ይወፍራል፣ ይለሰልሳል። አምፑን ሳትነኩ፣ አንድም ብር ሳታወጡ፣ አምስት ስድስት ዓይነት ድምፅ አገኛችሁ ማለት ነው።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ክር ሲመታ ዋናውን ድምፅ ብቻ አያሰማም። በላዩ ላይ ሌሎች ቀጫጭን ድምፆች ይደረባሉ። ብሪጁ አጠገብ ስትመቱ ቀጫጭኖቹ ይበረታሉ። ባዶውን ክር ልክ መሃሉ ላይ፣ ማለትም 12ኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከለው የብረት ዘንግ) ላይ ብትመቱት ግን ከእነሱ አንድ እያለፈ ይጠፋል። ድምፁ እዚያ ጋ ክብና ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ፒክም (ክሩን የምንመታበት ትንሽ ፕላስቲክ) ለውጥ አለው። ቀጭኑ ለኮርድ፣ ማለትም ብዙ ክር አንድ ላይ ለመምታት፣ ይመቻል። ለዜማ ግን እኔ 1 ሚሊሜትር ገደማ የሆነውን እመርጣለሁ፤ ክሩ ላይ አይታጠፍም። ከአሮጌ ፕላስቲክ ካርድ የተቆረጠም ይሠራል፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ካለሰለሳችሁት።

3. ግራ እጅ፦ ክሩን ገፍቶ ልኩ ላይ ማድረስ

ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡ።

አዝማሪ ቤት ስትገቡ የመሲንቆ ተጫዋቹን ግራ እጅ እዩ። ያለው አንድ የፈረስ ጭራ ክር ነው። ፍሬት የለውም። ጣቱ ክሩን ይነካዋል እንጂ እንጨት ላይ አይጫነውም። ግን ድምፁን ያስለቅሰዋል። ከታች ተነስቶ እየተንሸራተተ ይወጣል፣ እዚያም ይንቀጠቀጣል። የሮሃ ባንዱን ጊታሪስት ሰላም ስዩምንም ስሙ፤ ጊታሩ ክራር ክራር ይላል። እኛ የምንወደው ድምፅ እንዲህ ካለ እጅ ነው የሚወጣው።

ትዝታን በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ያዙ። መጀመሪያ ሚን በፍሬቱ ተጫወቱና ድምፁን ጆሯችሁ ውስጥ አኑሩ። አሁን ወደ ሬ ተመለሱና ክሩን እየገፋችሁ ሚ ላይ አድርሱት። በሁለት ፍሬት ልክ መውጣት አለበት። የሚገፋው የቀለበት ጣት ነው፤ የመሃልና የጠቋሚ ጣት ከኋላው ሆነው ይደግፉታል። ጉልበቱ ከጣት ሳይሆን ከእጅ አንጓ ይምጣ፣ የበር እጀታ እንደማዞር። በአንድ ጣት ብቻ ከገፋችሁ ክሩ ልኩ ላይ ሳይደርስ ይደክማችኋል።

አምባሰል ላይ ደግሞ ጠንቀቅ በሉ። ከዶ ወደሚቀጥለው ድምፅ ያለው አንድ ፍሬት ብቻ ነው። ትንሽ ካሳለፋችሁት አምባሰል መሆኑ ይቀራል። እኔ ይህችን አንድ ግፊት ለማስተካከል ወራት ፈጅቶብኛል፤ ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ በላይ ድምፄን የለወጠችው ግን እሷ ናት።

4. ፒክአፕ

ፒክአፕ ማለት ማግኔትና በላዩ ላይ በሺህ የሚቆጠር ዙር የተጠመጠመ ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ባለ አንድ ጥቅሉ ድምፁ ጥርት ይላል፣ ግን የመብራቱን 50 ኸርዝ ጉምጉምታ አብሮ ያነሳል። ሃምበከር የሚባለው ፒክአፕ ሁለት ጥቅል ስላለው ጉምጉምታው እርስ በርሱ ይጣፋል፣ ድምፁም ይወፍራል። ጊታሩ ባለ አንድ ጥቅል ከሆነ ፒክአፑን ወደ ክሩ በጣም አታስጠጉ። ማግኔቱ ክሩን ስቦ ድምፁን ያዛባዋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ክሩን ስትነኩ ጉምጉምታው ከቀነሰ የተለመደ ነው። ጊታር ይዛችሁ ማይክ ከንፈራችሁን ከነዘረ ግን ወዲያው ሶኬቱን ንቀሉ። ኤሌክትሪሻን ሳያየው አትመለሱበት።

5. አምፕሊፋየር

ቤዝ (ወፍራሙ ድምፅ)፣ ሚድ (መሃለኛው) እና ትሬብል (ቀጭኑ) ሁሉም መሃል ላይ ይሁኑ። ጌይኑን (ሲጨምር ድምፁን የሚያሻክረውን) ከዜሮ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ።

አዘዞ አንድ ሰርግ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ቤቴ ብቻዬን ስለማመድ ቤዝና ትሬብሉን ሽቅብ፣ ሚዱን ወደ ዜሮ፣ ጌይኑን እስከ ጫፍ አድርጌ ነበር። መኝታ ቤት ውስጥ ድምፁ ግዙፍ ነበር። ከባንዱ ጋር ስንጀምር ግን ጠፋ። ቮሊዩም ጨመርኩ፣ አሁንም ጠፋ። እንደገና ጨመርኩ። በእረፍት ሰዓት አንጋፋው ዘፋኝ ጠጋ ብለው «ወንድምዓለም፣ ጊታርህ ይጮሃል እንጂ አይሰማም» አሉኝ። ሙሽሮቹ የሚወዱትን ዘፈን አበላሽቼባቸው ነበር፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ታችኛውን ድምፅ ቤዝ ጊታርና ከበሮ ይዘውታል። ላይኛውን ጸናጽሉ ይዞታል። ለጊታር የቀረው መሃሉ ነው፣ እኔ ደግሞ የቆረጥኩት እሱን ነበር። ስለዚህ ከባንድ ጋር ስትጫወቱ ሚዱን አትንኩት፤ እንዲያውም ትንሽ ጨምሩት። ጌይኑ ሲበዛ ሙሉ ኮርድ እርስ በርሱ ይምታታል፣ ሁለት ክር ብቻ መምታት ይሻላል። ድምፁ ጥርት እንዲል ከፈለጋችሁ አምፑን ተዉትና የጊታሩን ቮሊዩም ወደ 6 ወይም 7 መልሱ።

6. ኬብልና ፔዳል

ከ6 ሜትር በላይ የሆነ ኬብል ትሬብሉን ይበላል። አጭርና ጠንካራ ግዙ።

ፔዳል ካላችሁ ቅደም ተከተሉ ዋህ (ድምፁን «ዋህ ዋህ» የሚያሰኘው)፣ ዲስቶርሽን (የሚያሻክረው)፣ ዲሌይ (ድምፁን ቆይቶ የሚደግመው)፣ ሪቨርብ (የአዳራሽ ማስተጋባት የሚሰጠው) ይሁን። አንድ ብቻ የመግዛት አቅም ካላችሁ እኔ ዲሌይ እላለሁ፤ ለትዝታ ይስማማል። ሪቨርቡን አዳራሹ ውስጥ ገብታችሁ አንድ ጊዜ ካጨበጨባችሁ በኋላ ወስኑ። ጭብጨባው ተመልሶ ከመጣ አጥፉት።