ሙቅ ውኃው ለብ ካለ፦ ከአሲዱ በፊት ቴርሞሜትር

በካዛንቺስ፣ በስታዲየም ዙሪያና በፒያሳ ካሉ ሆቴሎችና የመኖሪያ ሕንፃዎች ወደ ብዙዎቹ ምድር ቤት ቢወርዱ ተመሳሳይ ታንክ ያገኛሉ። ውስጡ ጥቅልል ቱቦ ተቀምጧል። ከቦይለሩ የሚመጣው ውኃ በቱቦው ውስጥ እየዞረ ያልፋል፤ የመታጠቢያው ውኃ ደግሞ ቱቦውን ከውጭ ከብቦ ይሞቃል። ሁለቱ አይቀላቀሉም። እንግዳ «ውኃው ቀዝቃዛ ነው» ባለ ቁጥር የመጀመሪያው ፍርድ «ጥቅልሉ ኖራ ይዟል» የሚል ሲሆን ወዲያው አሲድ ይገዛል። ይህ ልማድ ያሳዝነኛል፤ ጤነኛ ቱቦ በአሲድ ይበላል፣ እውነተኛው ችግር ግን እንዳለ ይቀራል።

በሽታውን ለመለየት ሦስት ቁጥሮች ይበቃሉ፦ ወደ ጥቅልሉ የሚገባው ውኃ ሙቀት፣ ከጥቅልሉ የሚመለሰው ውኃ ሙቀትና የታንኩ ሙቀት። የቧንቧውን ሽፋን ትንሽ ገልጠው የቴርሞሜትሩን ጫፍ ከባዶው ብረት ጋር ያስሩት፤ በጨርቅ ይሸፍኑትና ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቁ። በእጅ ዳሶ መገመት አያስተማምንም።

80 ዲግሪ ገብቶ 76 ይመለሳል፤ ታንኩ ግን ከ40 አልወጣም

ግማሽ ሰዓት ጠብቀው የታንኩ ሙቀት ካልጨመረ፣ ሙቀቱ እየመጣ ወደ ውኃው ሳይሻገር እየተመለሰ ነው። (ታንኩ በፍጥነት እየሞቀ ከሆነ ግን ጤነኛ ነው፤ ፓምፑ ብዙ ውኃ ስለሚገፋ ልዩነቱ ትንሽ ይሆናል።) እዚህ ላይ ኖራን መጠርጠር ተገቢ ነው። የኖራው ዋና ክፍል የሆነው ካልሲየም ካርቦኔት ከስኳር በተቃራኒ ውኃው በሞቀ ቁጥር የመሟሟት አቅሙ ስለሚቀንስ፣ በታንኩ ውስጥ በጣም ትኩስ በሆነው ገጽ፣ ማለትም በጥቅልሉ ላይ ይጋገራል። ሙቀትን በማስተላለፍ ረገድ መዳብ ከዚህ ቅርፊት በመቶዎች እጥፍ ስለሚበልጥ ስስ ንብርብር እንኳ ብዙ ያግዳል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች ከሚመጣው ውኃ ይልቅ የጉድጓድ ውኃ ማዕድን ስለሚበዛበት በጉድጓድ የሚጠቀም ሕንፃ ቶሎ ቶሎ ይፈተሽ።

ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። አሲዱን በጥቅልሉ ውስጥ ያዞራሉ፤ ኖራው ያለው ግን በውጭ በኩል ነው። በቱቦው ውስጥ የሚዞረው ያው የቦይለር ውኃ በመሆኑ ኖራውን ቀደም ብሎ ጨርሷል፤ በየቀኑ አዲስ ማዕድን የሚያመጣው የመታጠቢያው ውኃ ነው። ከቱቦው ውስጥ ጥቁር ዝቃጭ ከወጣ የብረት ዝገት ነውና በብዙ ውኃ ግፊት ይታጠባል።

ታንኩን አፍስሰው መክደኛውን ይክፈቱ፤ የታችኛዎቹን ዙሮች የቀበረውን ዝቃጭ አስቀድመው ያውጡ። ከዚያ በአንድ ሊትር ውኃ 50 ግራም ሲትሪክ አሲድ በጥብጠው፣ ወደ 50 ዲግሪ አሙቀው፣ አረፋው እስኪያቆም ጥቅልሉን ይንከሩበት። የታንኩ ውስጥ ዚንክ የተቀባ ከሆነ አሲዱ ዚንኩን ስለሚበላ ጥቅልሉን ፈትተው ውጭ ይጠቡት። በረኪናን በፍጹም አያስጠጉ። ከአሲድ ጋር ሲገናኝ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ አየር በማይዘዋወርበት ምድር ቤት ሰው ይገድላል። የጨው አሲድም አይዝጌ ብረትን ይበሳል።

80 ገብቶ 45 ይመለሳል

ጥቅልሉ የደረሰውን ሙቀት ሁሉ ሰጥቷል፤ የሚደርሰው ውኃ ግን ጥቂት ነው። እዚህ አሲድ ምንም አይሠራም። ማጣሪያውን፣ በከፊል የተዘጋ ቫልቭንና ፓምፑን ይመልከቱ። ሁሉም ደህና ከሆኑ አየር ይፈልጉ። የከተማው ውኃ ለቀናት ሲቋረጥ፣ ጣሪያ ላይ ያለው የቦይለሩ መሙያ ታንክ ከደረቀ ቧንቧው አየር ይስባል፤ በዚህም ምክንያት ውኃ በተመለሰ ማግስት ይህ ቅሬታ ይበዛል።

ቆሞ የተተከለ ጥቅልል ከፍታ ያለው ነጥብ አንድ ብቻ ስለሆነ ከላይ ያለውን የአየር ማስወጫ መክፈት ይበቃዋል። ተጋድሞ የተተከለው ግን በእያንዳንዱ ዙር ጫፍ አየር ሊያስቀር ይችላል፤ ማስወጫው የሚደርሰው የመጨረሻው ጋ ብቻ ነው። መድኃኒቱ ሌሎቹን መስመሮች ዘግቶ የፓምፑን ሙሉ ኃይል በጥቅልሉ ብቻ ማሳለፍ ነው።

ቦይለሩ ይንቀረቀራል፣ ይንኳኳል

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በባሕር ጠረፍ ከተማ ለሚኖር ሰው የተጻፈ መመሪያ አይቶ ቴርሞስታቱን 90 ላይ ያደረገ ሰው፣ ሥርዓቱ ክፍት ከሆነ (ማለትም የመሙያ ታንኩ ለአየር ክፍት ከሆነ) የመፍላት አፋፍ ላይ ነው፤ ድምፁም ከዚያ ይመጣል። ወደ 80 ዝቅ ያድርጉት። የታንኩ ግን በ60 ይቆይ፤ ከዚያ ሲያንስ ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ይመቸዋል።

ማንም ሳይሞላው የቦይለሩ መሙያ ታንክ ሞልቶ ይፈሳል

ጥቅልሉ ተበስቷል፤ ግፊት ያለው የመታጠቢያ ውኃ ወደ ቦይለሩ እየገባ ነው። ለማረጋገጥ ሁሉም ከቀዘቀዘ በኋላ በቦይለሩ በኩል ያሉትን የጥቅልሉን ሁለት ቫልቮች ዘግተው የጥቅልሉን ማፍሰሻ ይክፈቱ። ውስጡ ከተንጠፈጠፈ በኋላም መንጠባጠቡ ካላቆመ ቀዳዳ አለ። መጀመሪያ የሚለቁት በታንኩ ግድግዳ ያለው ብየዳና ዙሮቹ ከድጋፉ ጋር የሚፋተጉበት ቦታ ናቸው። ለነገ አይባልም፤ ውኃ በተቋረጠ ቀን ፍሰቱ ተገልብጦ የቦይለሩ ኬሚካል ወደ መታጠቢያው ሊገባ ይችላል።

ሲቀይሩ በጥቅልሉ ፈንታ ጥቂት ቀጥ ያሉ ቧንቧዎች እንዲበየዱ አይፍቀዱ። በጠመዝማዛ ቱቦ ውስጥ ፈጣኑ የመሐል ውኃ ወደ ውጨኛው ግድግዳ ስለሚገፋ ሁለት ተቃራኒ ሽክርክሪቶች ይፈጠራሉ፤ ዲን የተባለው እንግሊዛዊ የሒሳብ ሊቅ ይህን በ1927 እ.ኤ.አ. በስሌት አሳይቷል። ያ መማሰል ነው ትንሽ ቱቦ ብዙ ሙቀት እንዲሰጥ የሚያደርገው። በእጅ የሚጠመዘዝ መዳብ አሸዋ ተሞልቶ ይታጠፍ፣ እንዳይጨፈለቅ። ዙሮቹም አይነካኩ፤ በመካከላቸው ውኃ የማያልፍ ከሆነ ያ ገጽ የለም ማለት ነው።

የልብስ ማጠቢያ ቤትን ቆሻሻ ሙቅ ውኃ ሙቀት ለመጠቀም ለሚያስብ ግን ጥቅልል ቱቦ አይሆንም፤ ውስጡ በብሩሽ አይደረስበትም። ለዚህ የሚሻለው ሁለት ረጃጅም የብረት ዝርግ በጋራ ተጠቅልለው የሚሠራው የሙቀት ማስተላለፊያ ዓይነት ነው። ለእያንዳንዱ ፈሳሽ አንድ መተላለፊያ ብቻ ስላለው ቆሻሻ አንድ ቦታ ሲያጠብበው ውኃው እዚያ ፈጥኖ ያልፍና ራሱ ይጠርገዋል፤ የቀረው ደግሞ ክዳኑ ተከፍቶ በውኃ ግፊት ይታጠባል።