የአደይ አበባ ቢጫ በስልክ ፎቶ እንዳይነጣ

አደይ አበባን በስልክ ስታነሱ ቢጫው እየነጣ አስቸግሯችኋል? ስክሪኑ ላይ አበባውን በጣታችሁ ነክታችሁ ትንሽ ያዝ አድርጉት። ትኩረቱ ሲቆለፍ የፀሐይ ምልክት ብቅ ይላል። አበባው ላይ ያሉት ስስ መስመሮች ቁልጭ ብለው እስኪታዩ ምልክቷን ወደ ታች ሳብ ማድረግ ነው (አንዳንድ ስልክ ላይ ወደ ጎን ነው)።

ካሜራው ብርሃን ሲለካ ዙሪያውንም ያያል። ቅጠሉና ሣሩ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ስለሆነ ጨለማ መስሎት ብርሃን ይጨምራል፤ ቢጫው ይቃጠላል (ማለትም ይነጣል)። ጠቆር ያለ ፎቶ በኋላ በኤዲቲንግ ይፈካል፤ የተቃጠለ ግን አይመለስም። መስከረም ላይ እንጦጦ ስትወጡ፣ በጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ሞክሩት፤ በጣም ያምራል!

ከሥር ሆናችሁ ወደ ሰማይ ስታነሱ ግን አበባው ራሱ ስለሚጠቁር ምልክቷን ወደ ላይ ግፏት።