ቆሽት ውስጥ ድንጋይ ሲገኝ፦ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች

እኛ ጎጃም ውስጥ ከእምብርት በላይ ያመመው ሁሉ «ጨጓራዬ ነው» ይላል። ብዙውን ጊዜ እውነቱን ነው። ግን ገና በወጣትነቱ የከሳ፣ ሕመሙ ወደ ጀርባ የሚዘልቅበት፣ አረቄ ቀምሶ የማያውቅ፣ ስኳርም የተገኘበት ሰው ሲመጣ ሐሳቤ ወደ ቆሽት ይሄዳል። በሞቃታማ አገሮች የሚታይ፣ ቆሽት ውስጥ ድንጋይ የሚሠራ፣ ብዙም ያልተለመደ ሕመም አለ። ድንጋዩ ብዙ ጊዜ በተራ የሆድ ራጅ ሳይቀር ይታያል። እኔ የውስጥ ደዌ ነርስ ነኝ፤ የምጽፈው ሕመሙ ከታወቀ በኋላ ስለሚበላሸው ነገር ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ የኢንዛይሙ፣ ማለትም ምግብ እንዲፈጭ የሚታዘዘው ካፕሱል፣ ነገር ነው። ወረቀቱ ላይ «በቀን ሦስት ጊዜ» ተብሎ ይጻፋል፤ ታማሚው ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ማታ ደግሞ ሊተኛ ሲል ይውጠዋል። ከዚያ «አልሠራልኝም» ብሎ ይመጣል። እንዴት ይሥራ? ካፕሱሉ ቆሽት ማመንጨት ያቃተውን የምግብ መፍጫ ነው የሚተካው፤ ምግብ ከሌለ ምን ይፍጭ? ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ጀምሩ፣ የቀረውን በማዕዱ መካከል ውሰዱ። ለአዋቂ በዋና ምግብ ላይ የተለመደው መነሻ ከ40,000 እስከ 50,000 የሊፔዝ (ቅባት የሚፈጨው ኢንዛይም) ዩኒት ነው፤ ለመክሰስ ግማሹ። ካርቶኑ ላይ 10,000 የሚል ካለ አንድ ፍሬ አይበቃም ማለት ነው፣ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

አንዲት እናት ልጇ መዋጥ ሲከብደው ካፕሱሉን እየከፈተች ትኩስ ሽሮ ላይ ትበትንለት ነበር። እንዲቀለው ብላ ነው፣ እናት ናት። ግን ትኩስ ነገር ኢንዛይሙን ይገድለዋል። ልጁ ሦስት ወር ሙሉ ሰገራው ቅባት እንደሆነ ከሳ። ጥፋቱ የኔም ነው፤ «ይወስዳል?» ስላት «አዎ» አለችኝ፣ አለፍኩ። ዛሬ «ወንድምዓለም፣ እንዴት እንደምትወስደው አሳየኝ» ነው የምለው።

ቅባት ጨርሶ መተው ሌላው ስህተት ነው። ይበልጥ ያከሳል። ኢንዛይሙን በደንብ እየወሰዳችሁ ብሉ።

ኢንሱሊን ወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ደግሞ ያስፈራኛል። እዚህ ሕመም ላይ ቆሽት ስኳር የሚያወርደውን ብቻ ሳይሆን የወረደውን መልሶ የሚያነሣውን ሆርሞንም ያጣል፤ ስለዚህ ስኳሩ ሲወርድ ክፉኛ ይወርዳል። ለንስሐ አባታችሁም ለሐኪማችሁም ቀድማችሁ ንገሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ታማሚን ጹም ብላ አታስገድድም።

«ጎረቤቴ በፕሬድኒሶሎን ዳነ» ብሎ ከሰው የተዋሰ ገጥሞኛል። ያ መድኃኒት የሰውነት መከላከያ ራሱ ቆሽትን ለሚያጠቃበት ለሌላው ዓይነት ነው። ድንጋይ አያሟሟም፤ ስኳር ያንራል፣ የተደበቀ ቲቢም ሊቀሰቅስ ይችላል።

ነጭ ሽንኩርት የተዘፈዘፈበት አረቄ ለቁርጠት? በፍጹም። ሲጋራም ያው ነው።

ስለ ሕመሙ ደግሞ፦ ኢንዛይም ማስታገሻ አይደለም። የቆሽት ቱቦ በድንጋይ ተዘግቶ ከሰፋ ድንጋዩን በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ካሜራ ያለው ቀጭን መሣሪያ) ማውጣት፣ በሞገድ መሰባበር ወይም ቱቦውን ከአንጀት ጋር በቀዶ ሕክምና ማገናኘት አለ። ለዚህ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ሊያስፈልግ ይችላል። «ቢላ አይነካኝም» ብሎ በማስታገሻው በትራማዶል ዓመታት የገፋ ሰው በመጨረሻ ቢቀደድም ሕመሙ እንደሚፈለገው ላይለቀው ይችላል፤ ነርቮቹ ማመሙን ለምደው ይቀጥላሉ። እባካችሁ ቶሎ ጠይቁ።

ዓመታት ደህና ከቆያችሁ በኋላ ድንገት ክብደት ከቀነሳችሁ ወይም ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነ፣ ይህ ሕመም ለቆሽት ካንሰር የማጋለጥ ዕድል ስላለው ቀጠሮ ሳትጠብቁ ኑ።