ዲግሪን የቀደመ የሥራ ልምድ

ባሕር ዳር ካለ የክልል ቢሮ የወጣ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ይዛችሁ በተባበሩት መንግሥታት የሥራ ማመልከቻ ድረ ገጽ፣ ኢንስፒራ ላይ ለአስተዳደር መደብ ስትመዘገቡ ልምዱ ካልተቆጠረ፣ መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱን እዩ። እኛ ጋ ዲግሪው እ.ኤ.አ. 2015 ሲል ደብዳቤው «ከሐምሌ 1/2008 እስከ ሰኔ 30/2012» ይላል፤ ሰውየው ሳይመረቅ የሠራ መሰለ።

የሰው ሀብት ክፍሉ በእንግሊዝኛ፣ በሁለቱም አቆጣጠር እንደገና ጻፈው፦ ከጁላይ 8/2016 እስከ ጁላይ 7/2020። ቅጹም በዚሁ ተሞላ፣ ተስተካከለ። ወደ እ.ኤ.አ. ስትቀይሩ ዓመቱ ላይ በደፈናው 8 አትደምሩ፤ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ነው፣ ቀኑም ይቀየራል። ማኅተሙ ቀኑ ላይ እንዳያርፍ ንገሯቸው፣ ስካን ሲደረግ አይነበብም። 4 ዓመት አብዛኛውን ጊዜ ከድርጅቱ የባለሙያ ደረጃዎች ለፒ-2 እንጂ 5 ለሚጠይቀው ፒ-3 አይበቃም። «ላስገባላችሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ደላላ ሌባ ነው፤ ድርጅቱ በየትኛውም የቅጥር ደረጃ አያስከፍልም።